ሰሃን የገደለው የቁጥር ሰው

ባለፈው ሰሞን የማኅበር ተራ ደረሰኝና ሰሃን ልገዛ ሾላ ገበያ ሄድኩ። መቼም ሾላን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከመገናኛ ግርግር አምልጦ የገባ ሰው በቅቤና በቅመም ሽታ ነው የሚጠመቀው። በርበሬውንና ኮረሪማውን አልፌ ወደ ዕቃ መሸጫዎቹ ዘለቅኩና በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት ሴትዮ ዘንድ 24 ጠፍጣፋ ሰሃን ተስማማሁ፤ አንዱ በ85 ብር። የሚያግዛቸው ልጅ ሰሃኖቹን በጋዜጣ እየጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ሲከት አንዱ ከእጁ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ተንኮታኮተ። ስብርባሪው እግሬ ሥር ድረስ መጣ። ልጁ ደነገጠ፣ ሴትዮዋ ተቆጡ፣ እኔ ደግሞ ከሁለቱም በተለየ ምክንያት ቆሜ ቀረሁ።

የዚያ ዓይነት ሰሃን ሌላ አልነበራቸውም። 24 እኮ ደግ ቁጥር ነው! ሁለት ቦታ፣ ሦስት ቦታ፣ አራት ቦታ፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት ቦታ እኩል ይከመራል። 23 ግን እምቢተኛ ነው። ወይ ሁሉንም አንድ ላይ ትቆልሉታላችሁ፣ ወይ አንድ በአንድ ትዘረጉታላችሁ እንጂ እኩል ክምር አይወጣውም። ትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር ብለው ያስተማሩን ይህንን ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም።

ሴትዮዋ ሒሳቡን በስልክ አልሠሩትም። ጣታቸውን እያጠፉ 85ን ያዙ፣ እጥፉን 170 አደረጉ፣ የዚያን እጥፍ 340፣ ከዚያ 680፣ ከዚያ 1,360። ከነዚህ ውስጥ 680ን ዘለው የቀሩትን አራቱን ደመሩና 1,955 ብር ጠየቁኝ። ስልኬን አውጥቼ 23ን በ85 ሳባዛ ልክ ናቸው። ምስጢሩ 23 ማለት 16 እና 4 እና 2 እና 1 መሆኑ ነው፤ 8 ስለሌለበት የ8 እጥፍ ይዘለላል። ይህ ስሌት በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍትና በኮምፒውተር ፕሮግራም መለማመጃዎች ውስጥ የኢትዮጵያ ማባዛት በሚል ስም ይገኛል። የሩሲያ ገበሬዎች ዘዴ የሚሉትም አሉ፤ የጥንት ግብፃውያንም በእጥፍ እጥፍ ያባዙ እንደነበር ፓፒረሳቸው ይመሰክራል።

እንግዲህ የተሰበረ ሰሃን፣ ብቸኛ ቁጥርና እጥፍ እጥፍ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ሲገጣጠሙ እኔ የማስታውሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ኤዱዋር ሉካስ። (አገሩ ሰዎች የመጨረሻዋን ፊደል ውጠው ሉካ ይሉታል፤ እኛ እንደለመድነው ሉካስ እንበለው። ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሉካስ ሚያዝያ 4 ቀን 1842 በሰሜን ፈረንሳይ፣ አሚየን ከተማ ውስጥ ከዝቅተኛ ቤተሰብ ተወለደ። በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር የፈረንሳይ ልጆች የሚጋደሉባቸውን ሁለቱንም ታላላቅ ትምህርት ቤቶች፣ ፖሊቴክኒኩንና ኤኮል ኖርማልን አለፈ፤ የመረጠው ሁለተኛውን ነው። በ1864 እንደጨረሰ ፓሪስ በሚገኘው የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ በረዳትነት ተቀጠረ። አለቃው ሌቬሪዬ ነበር፤ ኔፕቲዩን የምትባለውን ፕላኔት በቴሌስኮፕ ሳይሆን በወረቀትና በብዕር አስልቶ ያገኛት ሰው። ታላቅ ሳይንቲስት ነበር፤ ከሠራተኞቹ ጋር ግን ሰላም አልነበረውም። ሉካስም እዚያ አልበረከተም። በ1870 ፈረንሳይ ከፕሩሲያ ጋር ጦርነት ስትገጥም የመድፈኛ መኮንን ሆኖ ዘመተ። አገሩ ተሸነፈች፤ እሱ ተመልሶ አስተማሪ ሆነ። መጀመሪያ ሙለን በምትባል የክፍለ ሀገር ከተማ፣ ኋላም ፓሪስ ውስጥ በሻርለማኝና በሴን ሉዊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማረ። ልብ በሉ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስሙ ዛሬ በየኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሠራው ሰውዬ የዩኒቨርሲቲ ወንበር አግኝቶ አያውቅም። ዋና ሥራውን ያወጣለትም የአገሩ መጽሔት ሳይሆን በ1878 ገና ሥራ የጀመረው የአሜሪካ የሒሳብ መጽሔት ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ1644 ማሪን ሜርሴን የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ አንድ ዝርዝር አወጣ። 2ን በራሱ ደጋግመን አባዝተን ከውጤቱ 1 ስንቀንስ አንዳንዴ ብቸኛ ቁጥር እናገኛለን። ሁለት ጊዜ ከሆነ 3፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ 7፣ አምስት ጊዜ ከሆነ 31፣ ሰባት ጊዜ ከሆነ 127። ሜርሴን ይህ የሚሠራው ለ2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ነው፣ እስከ 257 ድረስ ሌላ የለም አለ። እንዴት አወቀ? አላረጋገጠም፤ በዘመኑም ሊያረጋግጥ የሚችል አልነበረም። ታላቁ ኦይለር በ1772 የ31ኛውን፣ ማለትም 2,147,483,647ን ብቸኛነት አረጋገጠና ነገሩ እዚያው ላይ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆመ። (የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህችን ቁጥር ያውቋታል፤ በ32 ቢት የሚቀመጥ ቁጥር የመጨረሻ ድንበሩ እሷ ናት።)

ለምን ቆመ? የድሮው መንገድ አካፋይ ፍለጋ ስለሆነ ነው። 127 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚወጣው ቁጥር ይህ ነው፦ 170,141,183,460,469,231,731,687,303,715,884,105,727። 39 አሃዝ! አካፋይ እንዳለው ለማወቅ ቁጥሮችን በተራ መሞከር ያለብን 13 ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ገደማ እስክንደርስ ነው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን የሚሞክር ማሽን እንኳ በዚህ መንገድ ከ400 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በ1876 ደግሞ ማሽን አልነበረም፤ እርሳስ ነው የነበረው።

በዚያው በ1876፣ እኛ ጉራ ላይ ከግብፆች ጋር በተዋጋንበት ዓመት፣ ሉካስ አካፋይ መፈለጉን እርግፍ አድርጎ ተወው። ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። የመጣበት መንገድ ደግሞ ከሾላዋ ሴትዮ ስሌት ብዙም አይርቅም።

የፊቦናቺ ቁጥሮች የሚባሉትን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ሁለቱን እየደመሩ ቀጣዩን ማግኘት ነው። ስሙን በሰፊው ያስለመደው ራሱ ሉካስ ነው። እሱ የወደደው ግን የነሱን ወንድም ነው፦ 1፣ 3፣ 4፣ 7፣ 11፣ 18፣ 29፣ 47 እያለ የሚሄደውን። ዛሬ የሉካስ ቁጥሮች ይባላሉ። አሁን ሁለተኛውን፣ አራተኛውንና ስምንተኛውን ተመልከቱ፤ 3፣ 7፣ 47። 3ን በራሱ አባዝታችሁ 2 ብትቀንሱ 7 ይመጣል። 7ን በራሱ አባዝታችሁ 2 ብትቀንሱ 47። 47ን እንደዚያው ብታደርጉ 2,207፣ እሱም አሥራ ስድስተኛው ነው። በመደመር አንድ በአንድ መጓዝ ቀርቶ በእጥፍ እጥፍ መዝለል ማለት ነው። ሴትዮዋ ከ85 ተነስተው በአራት እርምጃ 16 እጥፍ እንደደረሱት ሁሉ፣ ሉካስም በጥቂት እርምጃ ሰማይ ጠቀስ ቦታ ይደርሳል።

ከዚያ ወሳኙ ነገር መጣ። በየእርምጃው የሚገኘውን ቁጥር ለሚመረመረው ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን ብቻ መያዝ። ይሄ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ዓመተ ዓለሙን ለ19 ገድፎ የሚተርፈውን ነው የሚይዘው። ለ2018 ዓ.ም. 7,518ን ለ19 ሲያካፍል 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ትቶ ወንበሩን 12 ይላል፤ በ11 አባዝቶ በ30 ይገድፍና አበቅቴውን 12 ያወጣል። ስንት ጊዜ 19 እንደወጣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ቁም ነገሩ ቀሪው ነው። ሉካስም እንዲሁ አደረገ።

በትንሹ እንየው። 127 ብቸኛ ነው? ከ3 እንነሳ። 3፣ ከዚያ 7፣ ከዚያ 47። ቀጥሎ 2,207፤ ለ127 ሲካፈል 48 ይተርፋል። 48 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 2,302፤ ቀሪው 16። 16 በራሱ 256፣ ሁለት ሲቀነስ 254፤ እሱ ደግሞ በትክክል ሁለት ጊዜ 127 ነው፤ ቀሪው ዜሮ! 127 የተገኘው ከሰባት ሁለቶች ስለሆነ ከሰባት አንድ ያነሰው፣ ስድስተኛው ቀሪ ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። ካልሆነ አይደለም። አለቀ። (ከ3 መነሳት የሚያዛልቀው እንደ 7፣ 11 እና 127 ለ4 ሲካፈሉ 3 ለሚተርፋቸው ነው፤ ለሌሎቹ መነሻው ይለያል።)

እዚያው ሾላ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ በሰሃኑ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የ11ኛውን ሞከርኩት፤ 2,047ን። 3፣ 7፣ 47፣ 160፣ 1,034፣ 620፣ 1,609፣ 1,471፣ ቀጥሎ እንደገና 160፣ ከዚያ 1,034! አሥረኛው ዜሮ መሆን ነበረበት፤ አልሆነም። እንዲያውም ሒሳቡ ክብ ገብቶ መሽከርከር ጀመረ፤ የፈለገውን ያህል ቢቀጥል ዜሮን አያያትም። ስለዚህ 2,047 ብቸኛ አይደለም። አካፋዮቹ ማን ናቸው? ይህ ስሌት አይነግራችሁም። (23 እና 89 ናቸው። አዎ፣ ያቺው የሰሃን 23!)

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። አንድ ሚዛን እንደተዛባ በእርግጠኝነት ማወቅና ማን እንዳዛባው ግን ጨርሶ አለማወቅ ይቻላል። ሉካስ በዚያው ዓመት የሜርሴን 67ኛ ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑን በዚህ መንገድ አሳየ። አካፋዩን ግን ሊያሳይ አልቻለም። ወንጀሉን አረጋግጦ ወንጀለኛውን አላመጣም እንደማለት ነው። አካፋዮቹ የተገኙት ከ27 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 1903 ላይ ነው። ፍራንክ ኮል የተባለ አሜሪካዊ ኒውዮርክ በተደረገ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ወደ ሰሌዳው ሄደና ትንፍሽ ሳይል 67 ሁለቶችን አባዝቶ አንድ ቀነሰ። ከዚያ ጎን ለጎን 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱም 147,573,952,589,676,412,927 ሆኑ። አሁንም ሳይናገር ተመልሶ ተቀመጠ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁዱን ሰውቷል። ሉካስ በሕይወት ቢኖር 61 ዓመቱ ነበር።

የ127ኛው ግን ዜሮ ወጣ። 126ኛው ቀሪ ድረስ መሄድ፣ በየእርምጃውም 39 አሃዝን በ39 አሃዝ ማባዛት፣ መልሶም ማካፈል ነበረበት። እዚህ ላይ ሉካስ ያደረገው ነገር ተረት ይመስላል። ቁጥሮቹን በ1 እና በ0 ብቻ ጽፎ ሒሳቡን ወደ ቼዝ ሰሌዳ ወሰደው፤ 127 በ127 ቤት ያለው ሰሌዳ። ጠጠር ያለበት ቤት 1፣ ባዶው 0። ማካፈሉማ ከናካቴው ጠፋ ማለት ይቻላል፤ ከ127ኛው ዓምድ አልፎ የሚፈሰው ጠጠር ተመልሶ በመጀመሪያው ዓምድ ይገባል። ገበጣ የተጫወተ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ጫፍ የደረሰ ጠጠር ዞሮ ይመለሳል እንጂ ከሰሌዳው አይወጣም። ይህ ሁሉ ኮምፒውተር ከመፈጠሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው! እንዲያውም ይህንኑ ምርመራ በራሱ የሚሠራ ማሽን አስቦ ነበር። አልተሠራም። ከሄንሪ ዠናይ ከተባለ የባቡር መሐንዲስ ጋር ግን የማባዣ ዘንጎች ለሕዝብ አቅርበዋል።

በሁለተኛ ደረጃ አስተማሪነቱ ያዘነ አይመስልም። ተማሪዎቹ ይወዱት ነበር፤ ለነሱም ለሰፊው ሕዝብም ስለ ሒሳብ ጨዋታ አራት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ፤ የመጨረሻው የወጣው ከሞተ በኋላ በ1894 ነው። በ1883 ደግሞ ልጆቻችሁ ምናልባት ዛሬ የሚጫወቱትን የሃኖይ ግንብ ለገበያ አወጣ። ሦስት ዘንግ፣ በአንዱ ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደራረቡ ክቦች፤ አንድ በአንድ እያነሱ፣ ትልቁን በትንሹ ላይ ሳያስቀምጡ ወደ ሌላው ዘንግ ማዛወር። ሳጥኑ ላይ የራሱን ስም አልጻፈም፤ ክላውስ የሚባል የሲያም ሊቅ ነው የፈለሰፈው አለ። የሲያሙ ክላውስ የሚለው በፈረንሳይኛ ፊደሎቹ ሲገለባበጡ የአሚየኑ ሉካስ ይሆናል! ሊቁ ያስተምርበታል የተባለው ኮሌጅም ሴን ሉዊ ተገለባብጦ ነው። 64 የወርቅ ክብ ስለሚያዛውሩ፣ ሲጨርሱም ዓለም ስለሚጠፋ መነኮሳት የሚነገረው ታሪክ የዕቃው ማሻሻጫ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ቁጥሩ ግን እውነት ነው። ክቦቹ ስምንት ከሆኑ 255 ጊዜ ማንሳት ያስፈልጋል፤ 64 ከሆኑ 18,446,744,073,709,551,615 ጊዜ፤ በሰከንድ አንድ ቢያነሱ 585 ቢሊዮን ዓመት ገደማ። የማንሻው ብዛት ሁልጊዜ ሁለቶችን አባዝቶ አንድ መቀነስ ነው። ሰውዬው ለልጆች መጫወቻ ሲሠራም የሜርሴንን ቁጥር ነው ሳጥን ውስጥ ከቶ የሸጠላቸው።

አሟሟቱን በሚመለከት፣ ስለ ሉካስ የሚጽፍ ሁሉ ከሰሃኑ ይጀምራል፤ እኔም ያው ከሌሎቹ አልተሻልኩም። በ1891 ማርሴይ ላይ የፈረንሳይ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ነበር። በግብዣው ላይ አስተናጋጁ የተሸከመውን ሰሃን ጣለ፤ አንዲት ስባሪ ተፈናጥራ ሉካስን ጉንጩ ላይ ቆረጠችው። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ኤሪስፔላስ የሚባል የቆዳ ሕመም ሆኖ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ጥቅምት 3 ቀን፣ ፓሪስ ላይ ገደለው። 49 ዓመቱ ነበር። ፔኒሲሊን ሊገኝ 37 ዓመት ይቀረው ነበር። የቁጥር ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጽ የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ሁለተኛውን የጻፈው የለም።

የሜርሴን ዝርዝር ግን ከሱ በኋላም መፍረሱን ቀጠለ። በ1883 ፔርቩሺን የሚባል የሩሲያ የገጠር ቄስ 61ኛውን፣ ሜርሴን የዘለለውን፣ ብቸኛ መሆኑን አሳይቶ ነበር፤ በ1911 እና በ1914 ደግሞ 89ኛውና 107ኛው ተጨመሩ። 257ኛውም ብቸኛ አልነበረም። መነኩሴው ሁለት አስገብቶ ሦስት ረስቷል ማለት ነው። የሉካስ 39 አሃዝ ግን አልተነቃነቀችም። ፎከምቤርግ በ1914 እንደገና አስልቶ አረጋገጣት፤ እስከ 1951 ድረስም ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቋ ነበረች። 75 ዓመት! ያለ ማሽን እገዛ ከተገኙት ውስጥ ግን ዛሬም የሚበልጣት የለም።

አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር በ1930 ዘዴውን አጠራውና መነሻውን 4 አድርጎ ከ2 በላይ ላሉት ሁሉ የሚሠራ አደረገው። ጥር 30 ቀን 1952 ሎስ አንጀለስ ባለ ኮምፒውተር ላይ ሮቢንሰን የጻፈው ፕሮግራም ሲጫን በአንድ ቀን የ521ኛውንና የ607ኛውን ብቸኛነት አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሩጫው አልቆመም። በጥቅምት 2024 ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ ያገኘው 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚመጣውን ቁጥር ነው፤ 41,024,320 አሃዝ አለው፤ በዓይነቱ 52ኛው ነው። መጀመሪያ በሌላ ፈጣን ዘዴ ነው የተጠረጠረው። ብቸኛ ነው ተብሎ ማኅተም የተደረገበት ግን በሉካስና በሌመር ምርመራ ነው፤ በራሱ አባዛ፣ ሁለት ቀንስ፣ ቀሪውን ያዝ።

ሉካስ ውጤቱን ባወጣበት በ1876፣ ካታላን የሚባል የሒሳብ ሊቅ አንድ ነገር አስተዋለ። ከ2 እንነሳ፤ ሁለት ሁለቶች ሲባዙ 1 ተቀንሶ 3 ነው። ሦስት ሁለቶች 7 ይሰጣሉ፣ ሰባት ሁለቶች 127ን፣ 127 ሁለቶች ደግሞ የሉካስን ቁጥር። ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ቀጣዩስ? በሉካስ ቁጥር ልክ ሁለቶችን ብናባዛና አንድ ብንቀንስ? የዚያ ቁጥር የአሃዞቹ ብዛት ራሱ 38 አሃዝ ስላለው በወረቀትም በኮምፒውተርም ተጽፎ አያልቅም፤ የሉካስ ምርመራም ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ብትጠይቁ መልሱ ያቺው 39 አሃዝ ናት። ካታላን ከጠየቀ 150 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ብቸኛ ይሁን አይሁን እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ማኅበሩ በሰላም አለፈ። ሰሃኖቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ 12 በአንድ በኩል፣ 11 በሌላ በኩል።